«ምነው ጠፋህ?» የሚል ሰው እንዴት ይገኛል

ዘጠኝ ቀን ታምሜ ተኛሁ። ከባድ ነገር አልነበረም፣ ትኩሳትና ሳል ነው፣ ግን ከአልጋ መውረድ አቃተኝ፣ ስልኬ ትራሴ ላይ ነው፣ ውስጡ ስምንት መቶ ምናምን ቁጥር አለ፣ ወደ ሰላሳ የሚሆን ግሩፕ አለ፣ ሲጮህ ይውላል ሲጮህ ያድራል፣ እና አምስተኛው ቀን ላይ ነው መሰለኝ ድንገት የገባኝ፣ ከዛ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አንዱም እኔን አይጠራም። ፎርዋርድ የተደረገ ቀልድ፣ የሥራ ፋይል፣ ደግሞ የሆነ ሰው ልደት ነበር "ሃፒ በርዝደይ" ሰባ ጊዜ። ብኖርም ባልኖርም እኩል የሚጮህ ስልክ።

በአሥረኛው ቀን እንደምንም ሥራ ገባሁ። ቢሮ ውስጥ አንዱ "ፊልድ ነበርክ እንዴ?" አለኝ፣ ሌላዋ የላከችልኝን ኢሜይል ለምን እንዳልመለስኩ ጠየቀችኝ፣ አለቀ። ከዛ በፊት ግን፣ ገና በሩ ጋ ስደርስ፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስማቸውን እንኳን አላውቅም ነበር፣ ከሩቅ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ብድግ አሉና "አንተ ልጅ! ዘጠኝ ቀን! ምነው ጠፋህ?" አሉኝ። ቆጥረዋል። ቀጠል አድርገው ደግሞ "ከስተሃል" አሉኝ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ነው የገባሁት፣ ለምን እንደሆነ አልናገርም።

ይሄ ጽሑፍ የመጣው ከዛ ነው። ሳይኮሎጂስት ምናምን አይደለሁም፣ ግን ከዛ ወዲህ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ነገሩን ሳነብና ራሴ ላይ ስሞክር ከርሜያለሁ፣ የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም እጽፍላችኋለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ደህና ሆኖ ለመኖር የግድ ብዙ ጓደኛ አያስፈልገውም፣ ሲቀር መቅረቱ የሚታወቅበት አንድ ቦታ ግን የግድ ያስፈልገዋል።

ቋንቋችን እኮ ነገሩን ድሮ ነው የጨረሰው። ሰው ለተወሰነ ጊዜ ካላየነው "ጠፋህ" ነው የምንለው፣ ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቲቪ እያየ ሊሆን ይችላል፣ የት እንዳለ እሱ በደንብ ያውቃል፣ ግን ዓይን ካላረፈበት ጠፍቷል፣ በቃ። "እንዴት ነህ?" ሲሉን ደግሞ "አለሁ" እንላለን። መኖራችንን ሪፖርት እናደርጋለን ማለት ነው። ወደዚህ ቃል በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ለምን የሚለው፣ ቶሎ ልለፈው

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

በ1970ዎቹ ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በጣም ቀላል የሆነ ነገር ሞከረ። እናት ከሕፃን ልጇ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ እንደ ወትሮዋ ታጫውተዋለች፣ ከዛ ዞር ትልና ስትመለስ ፊቷን ድንጋይ ታደርገዋለች፣ አትስቅ አትቆጣ፣ ዝም ብላ ታየዋለች፣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ያው ሁሌም የሚሠራለት ዘዴ እሱ ስለሆነ፣ እምቢ ሲለው እጁን ይዘረጋል፣ ይጮሃል፣ ሁሉም ሲያቅተው ፊቱን ያዞራል። ልብ በሉ፣ እናትየው የትም አልሄደችም፣ እዛው ናት፣ ዓይኗም እሱ ላይ ነው፣ የጎደለው ምላሹ ብቻ ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ ስብሰባ ላይ ለአምስት ደቂቃ አውርቼ ማንም ትንፍሽ ሳይል "ቀጣዩ አጀንዳ" የተባለበት ቀን ነው፣ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ አልጮህኩም እንጂ።

ሰውነትም ያውቀዋል። በ1997 ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ 276 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጨመሩ፣ አዎ ሆን ብለው፣ ሰዎቹ ፈቃደኛ ናቸው፣ ከዛ ማን እንደሚታመም ቁጭ ብለው ጠበቁ። ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ጎረቤት፣ ማኅበር እያሉ ብዙ ዓይነት ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ከሦስት ዓይነት ያልበለጠ ካላቸው ይልቅ በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው የታመሙት። እዚህ ጋ "ዓይነት" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ አንድ ሠፈር ያሉ ሃምሳ ጓደኞች አንድ ዓይነት ናቸው። በ2010 ደግሞ ጁሊያን ሆልት ላንስታድ የምትባል ተመራማሪ ከሌሎች ጋር ሆና 148 ጥናቶችን፣ በድምሩ ከ300,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ ስታይ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 50 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት እንዳለበትና በዓመት ወደ 871,000 ሞት ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል፣ በሰዓት ወደ መቶ ገደማ ማለት ነው። በቃ ቁጥሩ ይበቃል፣ ወደ ሥራው።

ወረቀቱ

ወረቀት ያዙ፣ ስልክ ላይ አትጻፉት፣ ወረቀት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ነገ ጠዋት ድምፄ ቢጠፋ፣ ሳልደውል፣ ፖስት ሳላደርግ፣ በሦስተኛው ቀን ማን ያውቃል? የሚያውቀውን ሰው ስም ጻፉ።

ሕጉ ጥብቅ ነው። የሚወዳችሁ ሰው ሁሉ አይገባም። እናቴ ትወደኛለች፣ ነፍሷን ትሰጠኛለች፣ ግን የምትደውለው እሁድ እሁድ ነው፣ ሰኞ ብጠፋ ስድስት ቀን አለኝ ማለት ነው። አለቃ አይቆጠርም፣ እሱ የሚፈልገው ሪፖርቱን ነው (ይሄ የኔ ሕግ ነው፣ አሪፍ አለቃ ያላችሁ አስገቡት)። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካለ ይገባል፣ ግን እውነት የሚያይ ከሆነ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ከተጠፋፉ ዓመት የሞላቸው ሰዎች አውቃለሁ።

የኔ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነበር፦ "ጥበቃው?"፣ ከነጥያቄ ምልክቱ። ስም የለውም።

ባዶ ከወጣባችሁ አትደንግጡ፣ ለማንም አታሳዩት፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ጂም ገባሁ፣ አራት ወር ሙሉ ሄድኩ፣ ሁሉም ጆሮው ላይ ኤርፎን ሰክቷል፣ እኔም ሰክቻለሁ፣ አቋርጬ ስቀር ያወቀብኝ ሲስተሙ ብቻ ነው፣ "ክፍያዎ አልፏል" ብሎ ቴክስት ላከልኝ። ከዛ ኔትዎርኪንግ ምናምን የሚባለው ዝግጅት ጀመርኩ፣ በየሳምንቱ አዲስ አርባ ሰው፣ አርባ ጊዜ "ምን ትሠራለህ?"፣ ማታ ስገባ ከመሄዴ በፊት ከነበረው የባሰ ባዶ ሆኜ ነው የምገባው።

የሠራው ቼዝ ነው። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፣ ኧረ ቀሽም ነኝ፣ ግን ሐሙስ ማታ አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ሰው የሚሰበሰብበት አንድ አዳራሽ አገኘሁ፣ ሁሌ ያው ሰዎች ናቸው፣ እጃችሁ የሚሠራው ነገር ስለሚኖረው ወሬ የማምጣት ግዴታ የለባችሁም፣ ደግሞ ቼዝ ለሁለት ነው፣ አንድ ሰው ከቀረ አንድ ሰው ያለ ተጋጣሚ ይቀመጣል። መቅረታችሁ ባዶ ወንበር ሆኖ ይታያል። ስትመርጡ ይሄን እዩ፣ ቼዝ ባይሆን መዘምራን ይሁን፣ ቮሊቦል ይሁን፣ የቋንቋ ክላስ ይሁን፣ በጎ ፈቃድ ሥራ ይሁን፣ ሰዎቹ ያው ሰዎች መሆናቸውን፣ ከሃያ አለመብለጣቸውን፣ ሰዓቱ አለመቀየሩን፣ እና አንድ ሰው ሲጎድል ነገሩ የሚሰናከል መሆኑን።

ከዛ ትዕግሥት ነው። ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰው በ2018 ያወጣው ጥናት አለ፣ ሰው ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ ወደ 50 ሰዓት አብሮ ማሳለፍ ይፈጅበታል፣ ጓደኛ ለመባል ወደ 90፣ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 በላይ። አሁን ሒሳቡን አስሉት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከሆነ 50 ሰዓት ማለት ሃያ አምስት ሳምንት ነው፣ ስድስት ወር ገደማ! እኛ ግን ሦስት ጊዜ ሄደን "አይ እነሱ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ እኔን አላስጠጉኝም" ብለን እንቀራለን። አላገለሏችሁም፣ ስድስት ሰዓት ነው የሞላችሁት። እኔ ይሄን ካየሁ በኋላ ካላንደሬ ላይ ሃያ አምስት ሐሙስ ምልክት አድርጌ እስከዛ ድረስ ደስ አለኝ አላለኝ የሚለውን ጥያቄ ላልጠይቅ ለራሴ ቃል ገባሁ፣ ሰባተኛው ላይ ልተወው ነበር፣ ዘጠነኛውም ላይ።

የሆነ ሥራ ያዙ፣ ትንሽ ሥራ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳላችሁ ቢሉኝ ይሄን ውሰዱ ነው የምለው።

አሥረኛው ሳምንት አካባቢ ክለቡን የሚመራው ሰውዬ ከረጢቱን ሰጠኝ። አሮጌ የጨርቅ ከረጢት ናት፣ ዚፗ ተበላሽቷል፣ ውስጧ የአምስት ቦርድ ጠጠር አለ፣ ከነጮቹ ወታደሮች አንዱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ በሱ ቦታ ቆርኪ ነው የሚቆመው፣ ቆርኪው ራሱ ከብዛት ዝጓል፣ ሰዎቹ ደግሞ ለምደውታል፣ ነጭ የደረሰው ሰው ቆርኪውን የት እንደሚያቆመው የራሱ ወግ አለው፣ ጥግ ላይ የሚያቆም አለ፣ ከንጉሡ ፊት የሚያቆም አለ። "አንተ ሐሙስ አትቀርም አይደል፣ ይሄን ቤትህ አሳድርልን" አለኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ።

አንድ ሐሙስ ሥራ አመሸሁ፣ ደግሞ ዝናብ ነው፣ በቃ ልቅር ብዬ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ጣልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳወጣው ሰባት ሚስኮል፣ ከሦስት የተለያየ ቁጥር። መልሼ ስደውል የመጀመሪያው ሰው ደህና ነህ ወይ አላለኝም፣ "ፈረሶቹ የት አሉ?" ነው ያለኝ። ሳቅኩ። ከዛ ስልኩን ጡረታ የወጡት አስተማሪ ተቀበሉት፣ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላቸው፣ "ልጄ ደህና ነህ ግን? ቀርተህ አታውቅም እኮ" አሉኝ። ታክሲ ይዤ ከነከረጢቱ ሄድኩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቼ፣ ሲያዩኝ ያጨበጨቡት ለእኔ ይሁን ለፈረሶቹ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ይሄ ነው ነገሩ። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚረሳን፣ ሁሉም የራሱ ጣጣ አለበት፣ ግን የሚያስፈልገውን ነገር የያዘን ሰው አይረሳም፣ በፈረሱ ምክንያት ወደናንተ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ እናንተንም ያያል። ስለዚህ ቁልፍ ያዙ፣ የስም ዝርዝር ያዙ፣ ወንበር የሚደረድረው ሰው ሁኑ፣ ለቀጣዩ ሳምንት ቴክስት የሚልከው ሁኑ። "ምን ላግዝ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰው "አይ ምንም፣ ተቀመጥ" ነው የሚላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ወንበሩን ማንሳት ጀምሩ። ሊቀመንበርነት ግን አደራ እንዳትወስዱ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ የሚያስጠላ እንጂ የሚያስናፍቅ ሥራ አይደለም።

በየመንገዱ ያሉት ሰዎች

የቅርብ ሰው ብቻ አይደለም የሚያኖረን። በ2014 ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር ቺካጎ ውስጥ በባቡር ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎችን ወስደው ገሚሱን አጠገባችሁ ያለውን የማታውቁትን ሰው አውሩት አሏቸው፣ ገሚሱን ዝም በሉ አሏቸው። ሰዎች ሲገምቱ ዝምታው ይሻላል ነው ያሉት፣ ሲሞክሩት ግን ያወሩት ናቸው መንገዱ ደስ ብሏቸው የወረዱት።

እኔ ባቡር ላይ ማውራት አልችልም፣ ዓይን አፋር ነኝ፣ ስለዚህ ያደረኩት ስም መያዝ ነው። በቀን የማያቸውን፣ ግን ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ከጋሼ ጀመርኩ። አራት ዓመት በራቸው ላይ አልፌያለሁ፣ "ጋሼ ይቅርታ፣ ስምዎትን ሳልጠይቅ" ስላቸው በጣም ነው የገረማቸው፣ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ነገሩኝ፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ የቀበሌ መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው።

"አለሁ" አትበሉ

መገኘትና መታየት ይለያያሉ። ሁሌ የሚመጣ፣ ሁሌ ፈገግ የሚል፣ ግን ማንም ምንም የማያውቅለት ሰው አለ አይደል፣ እኔ ነበርኩ። "እንዴት ነህ?" "አለሁ።" "ሰላም ነው?" "ሰላም ነው።" በሩን ጠረቀምኩት ማለት ነው።

የምትቀይሩት ትንሽ ነገር ነው፣ ለአንድ ሰው፣ በሳምንት አንዴ፣ ከ"ደህና" አንድ እርምጃ አልፋችሁ አንድ እውነተኛ ነገር ጨምሩ። "ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል ሰሞኑን" በቃ። ሙሉ የሕይወት ታሪክ አትዘርግፉ፣ እሱ ሰውን ያስደነግጣል፣ አንዲት ክር ብቻ ነው የምትወረውሩት፣ የሚይዛት ይይዛታል የማይዛት ያልፋታል። እኔ የእንቅልፉን ነገር ስናገር አንዱ አለፈው፣ ቲቸር ግን በሚቀጥለው ሐሙስ ገና ሳልቀመጥ "እንቅልፉስ?" አሉኝ። አንድ ቃል ናት። ሳምንት ሙሉ ይዘዋት ከርመዋል።

በሌላ በኩል ስትሆኑ ደግሞ፣ ሰው "አለሁ" ሲላችሁ ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። አትለፉት። ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር እዛ ሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው ያለው። ከመጣ ደግሞ እባካችሁ መፍትሔ አትስጡ፣ "ውሃ ጠጣ፣ ስፖርት ሥራ" አትበሉ፣ ሰውየው ስፖርት ጥሩ እንደሆነ ያውቃል።

"ጠፋህ" ባይ ሁኑ

የሚያይ ሰው ካጣችሁ እናንተ ማየት ጀምሩ፣ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። እዚህ ጋ ከሁሉም ያስገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ጀሮም ሞቶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም በ1969 አንድ ነገር ጀመረ። በጭንቀትና ራስን በማጥፋት ሐሳብ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ክትትሉን እምቢ ያሉ ወይም ያቋረጡ 843 ሰዎችን ለሁለት ከፈላቸው፣ ለአንዱ ወገን ምንም አልተደረገም፣ ለሌላው አጭር ደብዳቤ ይላክላቸዋል፣ ሁለት ሦስት መስመር፣ አስታወስንህ፣ ደህና እንደሆንክ ተስፋ እናደርጋለን ዓይነት፣ ምንም አይጠይቅም፣ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ና አይልም። በአምስት ዓመት ውስጥ ሃያ አራት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚደርሳቸው ሰዎች ጋ ራስን የማጥፋት ቁጥሩ ያነሰ ሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ወረቀት እኮ ነው።

ምስጢሩ አለመጠየቁ ነው። እኛ የጠፋ ሰው ጋ ስንጽፍ ክስ ነው የምንልከው፦ "አንተ ሰው ጠፋህ ጠፋህ፣ ረሳኸን አይደል፣ ትልቅ ሰው ሆንክ!" ቀልድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሰውየው ከባድ ጊዜ ላይ ከሆነ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ አለበት፣ እሱም ያቅተውና የባሰ ይጠፋል። በሱ ፈንታ እንዲህ ጻፉ፦ "ዛሬ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አንተ ትዝ አልከኝ። መልስ አያስፈልገውም፣ ሰላም ልልህ ነው።" ሁለት ነገር ይዟል፣ ቦታህን አውቃለሁ የሚልና ዕዳ የለብህም የሚል። ሪፕላይ ካልመጣ ከወር በኋላ ሌላ ላኩ፣ ስላልመለሰው ነገር ምንም ሳታነሱ።

ባለፈው ክረምት ጋሼ ራሳቸው በር ላይ አልነበሩም። አንድ ቀን አለፈ፣ በሁለተኛው ቀን የተተካውን ልጅ ጠየቅኩት፣ "ታመው ነው መሰለኝ" አለኝ፣ ቁጥራቸውን ከሱ ወስጄ ደወልኩ። ድምፃቸው ሻክሯል። "ማነው?" "እኔ ነኝ ጋሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልጁ።" ትንሽ ዝም አሉና "ስንት ቀን ሆነኝ?" አሉኝ። "ሁለት" ስላቸው ሳሉም ሳቁም አንድ ላይ መጣባቸው።

ወጥመዱ

ለረጅም ጊዜ ብቻውን የቆየ ሰው አእምሮው ይከዳዋል፣ ይሄን ካላወቃችሁ ከላይ ያለው ሁሉ አይሠራም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካሲዮፖ ለብዙ ዓመት ይሄን ነው ያጠናው፣ ብቸኝነት እንደ ረሃብና እንደ ጥማት ነው ይል ነበር፣ አንድ ነገር ጎድሏል ብሎ የሚነግርህ የሰውነት ደወል። ችግሩ ደወሉ ሲቆይ ሰውየውን ተጠራጣሪ ያደርገዋል፣ በሰው ፊት ላይ መጥፎ ምልክት ይፈልጋል፣ ዘግይቶ የመጣ ሪፕላይ ስድብ ይሆንበታል። የተራበ ሰው ምግብ ሲያይ ወደሱ ይሄዳል፣ ብቸኛ የሆነ ሰው ግን ሰው ሲያይ ይሸሻል።

ደግሞም ስለራሳችን የምንገምተው ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። በ2018 ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አውርተው ሲለያዩ እያንዳንዱ ሌላው ሰው ምን ያህል እንደወደደው ሲጠየቅ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገምተው። ማለትም ቤት ገብታችሁ "ምን ነካኝ፣ ምን ብዬ ነው እንደዛ ያወራሁት" እያላችሁ ስትገላበጡ እሱም በራሱ አልጋ ላይ እንደዛው እየተገላበጠ ሊሆን ይችላል።

የኔ ሕግ፦ ሦስት ጊዜ እስካልሞከርኩ "አልፈለጉኝም" የሚል ፍርድ አልሰጥም። ሦስቱም በተለያየ ሳምንት። ከሦስት በኋላ ካልሆነ አልሆነም፣ ሌላ በር።

ኦንላይኑስ?

ስቶሪያችሁን ሁለት መቶ ሰው አይቶት ማንም ላያያችሁ ይችላል። ሲን አደረገ ማለት አየህ ማለት አይደለም። ግን ኦንላይን ዋጋ የለውም የሚሉትንም አልሰማም፣ ከቤት መውጣት የማይችል ሰው አለ፣ ሰው በሌለበት ቦታ የሚሠራ አለ። ሕጉ ያው ነው፣ ትንሽ ግሩፕ፣ ቋሚ ሰዓት፣ የሚያዝ ሥራ፣ ከጽሑፍ ይልቅ ድምፅ። አምስት ሰው በየማክሰኞው በድምፅ የሚገናኝበት ከአምስት ሺህ ሰው ግሩፕ ይበልጣል።

የሚያይ ዓይንና የሚሰልል ዓይን

አሁን አንዳንዶቻችሁ "ኧረ እኔን የሚያየኝ ሰው አላጣሁም፣ እንዲያውም በዝቶብኛል" እያላችሁ ነው፣ ልክ ናችሁ። "ሰው ምን ይለኛል" ብለን ስንት ነገር ነው የተውነው። ማኅበር ያኖራል፣ ማኅበር ደግሞ ያፍናል፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም ነኝ። ልዩነቱን የማውቅበት መንገድ እንዲህ ነው፦ "አይ፣ ዛሬ አልችልም" ብላችሁ ሞክሩ። የሚያይ ዓይን "እሺ፣ ሐሙስ እንገናኝ" ይላል። የሚሰልል ዓይን "ለምን? ከማን ጋር? የት?" ይላል፣ ደግሞ ለሌላ ሰው ይነግራል። ሁለተኛው ቦታ ላይ ከሆናችሁ ከረጢት አትያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ብቻ መሆን ራሱ በሽታ አይደለም። እኔ ቅዳሜን ለብቻዬ ነው የማሳልፈው፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። መርጦ ብቻ መሆንና ተገዶ ብቻ መሆን ይለያያል፣ የተባበሩት መንግሥታት እንኳን በ2015 ባጸደቀው በማንዴላ ስም በተሰየመው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ላይ ሰውን በተከታታይ ከ15 ቀን በላይ ለብቻው ዘግቶ ማስቀመጥን ከልክሏል።

እና አንድ ነገር፣ ሐሳቡ ከመከፋት አልፎ መኖር ምን ያደርጋል ወደሚለው ከሄደ ሃያ አምስት ሐሙስ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለመሄድ ጉልበት ካነሳችሁ የሚወስዳችሁን ሰው ጥሩ። ይሄ ጽሑፍ ለዛ አይሆንም።

መሳቢያው

በስድስት ወሩ ወረቀቱን አውጡና ከጎኑ እንደገና ጻፉ። የኔ ሁለተኛ ወረቀት ላይ አራት ሰው አለ። ጋሼ፣ አሁን በሙሉ ስማቸው። ቲቸር። ከረጢቱን የሰጠኝ ሰውዬ። አራተኛው ሁሌ ነጭ ደርሶት ቆርኪውን ከንጉሡ ፊት የሚያቆመው ልጅ ነው፣ ከዓመት በላይ ተጫውተናል፣ ሰባቱን ሚስኮል ካደረጉት አንዱ እሱ ነው፣ የአባቱን ስም ግን እስካሁን አላውቀውም፣ ሐሙስ እጠይቀዋለሁ።